ቀይ አውቶቡስ ካማራችሁ አንበሳ አለላችሁ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው እሁድ እሁድ ነው። ሰፈሬ ካራን አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ ጋዜጣ አዟሪ እኛ ጋ አይደርስም። የወንድሜ ልጅ ከመገናኛ ሲመጣ ይዞልኝ ይመጣል። አንዳንዴ የሚያመጣው ያለፈውን ሳምንት ነው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ቢዘገይ አትፍረዱብኝ።

የምጽፈው በባህል ገጻችሁ ላይ ስለወጣው አስተያየት ነው። ጸሐፊው ያዩትን እንዳዩት የሚሥሉ ሠዓሊዎችን «የካሜራ ተወዳዳሪ» ብለዋቸዋል። ስልክ በእጁ ላለ ሰው የጉሊትና የአህያ ሥዕል ምን ይሠራለታል ብለውም ጠይቀዋል። ጥያቄው ክፋት የለውም። እኔም ድሮ እንደሳቸው ነበር የማስበው። ግን አንድ ነገር ደረሰብኝና ሐሳቤን ቀየርኩ። እሱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ላስተዋውቅ። ሃያ ስድስት ዓመት የማስታወቂያ ሠዓሊ ነበርኩ። ከኮተቤ እስከ ታፎ ሥጋ ቤት በር ላይ ከተሣሉት በሬዎች ብዙዎቹ የኔ እጅ ናቸው። የፀጉር ቤቶቹ ጭንቅላቶችም እንዲሁ። ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት እፍቃለሁ፣ ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥኜ እጀምራለሁ፣ ማታ በሬው ያልቃል። በሬው ሁልጊዜ አንድ ነው። ቀይ፣ ሻኛው ትልቅ፣ ዓይኑ የሰው ዓይን የሚመስል። እውነቱን ለመናገር አንድም ቀን በሬ ፊት ቆሜ አልሣልኩም። ከሌላ ሥጋ ቤት በሬ ነበር የምገለብጠው። ያኛውም ከሌላ የተገለበጠ ነው። ኋላ የባነር ማተሚያ መጣና ሁላችንንም ገላገለን። ዛሬ ሥጋ ቤቶቹ የሰቀሉት የታተመ የፈረንጅ በሬ ነው። ሻኛ እንኳ የለውም። እኔ የቤት ቀለም ወደ መቀባት ዞርኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ለአንድ የሥዕል ትምህርት ቤት ተማሪ አከራየሁ። ይህን ትምህርት ቤት ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ሲመለሱ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ያቋቋሙት ነው። ዛሬ በስማቸው ነው የሚጠራው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። እኔ በጉርምስናዬ ልገባበት ተመኝቼ ሳይሆንልኝ የቀረ ቦታ ነው። ለዚህም ይሆናል ልጁን በኪራይ ብዙም ያላስጨነቅኩት።

ልጁ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል። በሩን ቀስ አድርጎ ነው የሚዘጋው። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴም «ምን ያለ የተባረከ ልጅ ነው» ትል ነበር። አንድ ቀን ዳቦ ልገዛ ስወጣ ከአስፋልቱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ነጠላ አይደለም የያዘው። አጠገቡ የቢራ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ የደብተር መጠን ያላቸው ኮምፔርሳቶዎች እንደ መጽሐፍ ቆመዋል። ፊት ለፊቱ ጉሊቱ ነው።

ጉሊቱ ላይ ስድስት ሴቶች ይውላሉ። መጀመሪያ የምትደርሰው ሁላችንም እትዬ የምንላት ቲማቲምና ቃሪያ ሻጭ ናት። አራት እንጨት ተክላ ሰማያዊ ሸራ ዘርግታለች። ሸራው አንድ ቦታ ተቀዶ ነበር፤ ቀዳዳውን በቢጫ ላስቲክ ጠግናዋለች። ይህቺን ቢጫ ላስቲክ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይቀመጡ» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ዳቦው ቀረ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐይዋ ከለገጣፎ በኩል ብቅ አለች። ዝቅ ብላ ስለምትመጣ በሸራው ሥር ትገባለች። ቲማቲሙን የምታገኘው ከጎኑ ነው። እያንዳንዱ መደብ በአንድ በኩል በራ። በሌላው በኩል ጥላው ረዝሞ እስከ ሚቀጥለው መደብ ደረሰ። ጥቂት ቤት አልፎ ምድጃ ተቀጣጥሎ ነበርና የባሕር ዛፉ ጭስ መጣ። ብርሃኑ ጭሱ ውስጥ ሲገባ እንደ ተወጠረ ክር ሆነ። ይህን መንገድ ስንት ዓመት ነው የምመላለስበት? አላየሁትም። አይቼው ይሆናል፤ ልብ ግን አላልኩትም።

ልጁ እየሣለ ሳለ ሙያዬን ላሳየው ፈለግኩና «ጥላውን አጥቁረው እንጂ» አልኩት። ሳቅ አለ። ከኪሱ ቁራጭ ካርቶን አወጣ። መሐሉ ላይ በምስማር የተበሳ ቀዳዳ አለው። «በዚህ ጥላውን ብቻ ይዩት» አለኝ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ጥቁር አይደለም። ሐምራዊ ነው፣ የደረቀ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ። ከቲማቲሙ አጠገብ ያለው ጫፉ ደግሞ ወደ ቀይ ያደላል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለበሬዎቼ ሁሉ ጥላ የሠራሁት በጥቁር ቀለም ነው። በእውነት እዚያው ድንጋይ ላይ አፈርኩ።

ወደ ቢጫዋ ላስቲክ ልመለስ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ከፍ ትላለችና ብርሃኑ በሸራው በኩል ያልፋል። ያን ጊዜ ከሸራው ሥር ያለው ሁሉ ሰማያዊ ይነካዋል። የእትዬ ነጠላም፣ እጇም፣ ቲማቲሙም። በዚያ ሰማያዊ መሐል አንዲት የመዳፍ ስፋት ያላት ቢጫ ትከሻዋ ላይ ታርፋለች። ከዚያ ቀስ እያለች ትወርዳለች። ከትከሻ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ቃሪያው ሰፌድ። ልጁ ይህን እንደ ትልቅ ግኝት ሲነግረኝ እትዬ ሰማችና «እሷማ ሰዓቴ ናት» አለች። «ሳንቲም ጣሳዬ ላይ ስትደርስ ሽንኩርት አምጪው ይመጣል። ካልመጣ እደውልለታለሁ።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን እስካሁን አስበዋለሁ። ሴትየዋ ከኛ በፊት አይታዋለች።

አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጊዜ ገብቼ የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት አይቻለሁ። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ፀሐይ በመስታወቱ ስታልፍ ቀለሙ ይነድዳል። አንገቴን ቀና አድርጌ ፈዝዤ ቀረሁ። ለዚያ ያልፈዘዘ ሰው የለም፣ ይገባዋልም። የእትዬ ሸራ ያንኑ ሥራ በየቀኑ ይሠራል፤ ቀና ብሎ የሚያየው ግን ጠፋ። ቋንቋችንም እኮ ሁለቱን አይለያቸውም። ጉሊት ላይ የሚዘረጋውም ሸራ ነው፣ ሠዓሊ የሚወጥረውም ሸራ ነው።

እንግዲህ ስለ ካሜራው። የጸሐፊውን ጥያቄ ስላነበብኩ ባለፈው ሳምንት በስልኬ ሞከርኩት። በ3 ሰዓት ከልጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጉሊቱን አነሣሁ። መንገዱ ሲያምር የእትዬ ፊት ከሰል ሆነ። ፊቷን ነካ አድርጌ ሳበራው መንገዱና ሰማዩ ነጭ ወረቀት ሆኑ። ስልኬ ርካሽ ነው፣ የተሻለ ይኖራል። ሰው ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያያል፤ ልጁም ሁለቱንም ነው ያስቀመጠው። ደግሞ ፎቶው የአንድ ቅጽበት ነው። ልጁ ያንን አንድ ቦታ አሥራ አንድ ጠዋት ተቀምጦ ነው የሣለው። ብርሃኑ ሲቀየር የያዘውን ኮምፔርሳቶ ሳጥኑ ውስጥ መልሶ ሌላውን ያወጣል። የ12 ሰዓት ተኩሉ ለብቻው፣ የ3 ሰዓቱ ለብቻው። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይመለስበታል።

እኛ አገር ደግሞ መቸኮል ግድ ነው። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን፤ ፀሐይዋ ወጣች ከተባለ ሽቅብ ትሮጣለች። ቀትር ላይ ጥላችን እግራችን ሥር ይገባል፣ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው። ብርሃኑ ይሰላል፣ የጥላው ጠርዝ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ለሠዓሊ የሚመቸው ጠዋት ጥቂት ሰዓት፣ ማታም ያንኑ ያህል ነው። በመሐል ልጁ ይተኛል። ባለቤቴ «የተባረከ» ማለቷን የተወችውም ያን ጊዜ ነው።

ኮምፔርሳቶ የመቀያየሩን ነገር ከየት አመጣኸው ብዬ ጠየቅኩት። ሞኔ ስለሚባል ፈረንሳዊ ነገረኝ። ሰውየው ጂቨርኒ በምትባል መንደር ይኖር ነበር። ከቤቱ አጠገብ የስንዴ ክምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 ያንን ክምር ወደ 25 ጊዜ ሣለው። በጠዋት፣ በማታ፣ በበረዶ፣ በጭጋግ። ብዙ ሸራ ይዞ ይወጣና ብርሃኑ ሲቀየር ሸራ ይቀይራል። ከነዚያ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2019 ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ 110.7 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። ክምር ነው የምላችሁ! ከለገጣፎ ወጣ ብላችሁ በታኅሣሥ ብትሄዱ ሜዳው ሁሉ ክምር ነው። ማታ 11 ሰዓት ላይ አንድ ጎኑ ወርቅ፣ አንድ ጎኑ ጠይም ይሆናል። ከባለቤቱና ከአህያ በስተቀር ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አህያዋም የምታየው ለሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ሆላንዳዊም ነበር፣ ፌርሜር የሚባል። እስከ ዛሬ የተረፉት ሥዕሎቹ 35 ገደማ ቢሆኑ ነው። ልጁ አንዱን በስልኩ አሳየኝ። አንዲት የቤት ሠራተኛ ወተት ትቀዳለች። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ አለ። በሥዕሉ ግራ በኩል ከመስኮት ብርሃን ይገባል። ሌላ ብዙ ነገር የለም። ቁመቱ 45.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እኔን የገረመኝ ግድግዳው ነው። ነጭ ግድግዳ ላይ አንዲት ምስማር፣ አጠገቧም ምስማር ተነቅሎ የቀረ ቀዳዳ። ቀለም ቀቢ ስለሆንኩ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ቤት ስቀባ እንዲህ ያለውን ቀዳዳ በስቱኮ እደፍናለሁ። ሰውየው ግን ቀዳዳዋን ደክሞባት ሣላት፤ ያ ባይኖር ግድግዳው ግድግዳ አይሆንም ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1675 ባለዕዳ ሆኖ ሞተ። ሚስቱ ለዳቦ ጋጋሪው ዕዳ ሁለት ሥዕል አስያዘች። ዕዳው 617 ጊልደር ነበር ይባላል። ልጁ ይህን ታሪክ የነገረኝ የኪራይ ቀን ባሳለፈበት ወር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

የፈረንጅ ምሳሌ አበዛህ እንዳትሉኝ፣ የኛም አሉ። ነፍሱን ይማርና ሜትር አርቲስት ለማ ጉያ በፍየል ሌጦ ላይ ሲሥል ኖረ። ቢሾፍቱ ያለውን ቤተ ሥዕሉን አይቻለሁ። የሽማግሌ ፊት ላይ ያለውን መስመር ሌጦው ራሱ የወለደው ያስመስለዋል። ታደሰ መስፍንም ገበያ የሚውሉ ሴቶችን በትልልቅ ሸራ ላይ እንደ ምሰሶ አቁሞ ይሥላል። በሱ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው እትዬን ቲማቲም ሲጠይቅ አንገቱን ዝቅ ሳያደርግ አይቀርም። ያላየነውን የሚሥሉትንም አልጠላም። ስድስት ኪሎ ሄጄ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥዕሎች አይቻለሁ። ሁሉም ገባኝ ብዬ አልዋሽም። «ጎልጎታ» የተባለው ሥዕሉ ቀይ ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኛል።

ጸሐፊው የሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ያዩትን መሣልና የተሣለውን መገልበጥ አንድ አድርገው አይተውታል። የኔ በሬ ግልባጭ ነበር። ቱሪስት መደብር ውስጥ የሚሸጠው ጀበናና ላሊበላ፣ ብዙው የግልባጭ ግልባጭ ነው። በሱ ቢስቁ አብሬያቸው እስቃለሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የቲማቲም ጥላ ምን ቀለም እንደሆነ ያጣራ ልጅ ግን ከካሜራ ጋር አይደለም የሚወዳደረው። ከኔ ዓይነቱ የደነዘዘ ዓይን ጋር ነው።

ስለ ደነዘዘ ዓይን ካነሣሁ አንድ ብሶቴን ላውጣ። ዓምና ሰፈራችን አዲስ ካፌ ተከፈተ። ባለቤቱ ግድግዳ ሥራልኝ ብሎ ጠራኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ብሩሽ ልይዝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ምን ልሥራ ስለው የለንደን ቀይ አውቶቡስ፣ ከጎኑ የፓሪስ ማማ አለኝ። ለንደንና ፓሪስ አንድ መንገድ ላይ ማለት ነው። እኔም ጉሊቱን ልሥራልህ፣ በመስኮትህ እኮ ይታያል አልኩት። «ሰው ጉሊት ለማየት ካፌ አይገባም» አለኝ። ተከራከርኩ። በመጨረሻ የታተመ ወረቀት አስለጠፈ። አሁን ግድግዳው ላይ ለንደን ይዘንባል።

በዚያው መስኮት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብትመለከቱ አንበሳ አውቶቡስ ይታጠፋል። ቀይና ቢጫ ነው። ፀሐይዋ ጎኑን ትመታውና ቀዩ ማዶ ያለው ቆርቆሮ አጥር ላይ ይንጸባረቃል። በኅዳር ብርድ ከሆነ መስታወቱ በሰው ትንፋሽ ጉም ለብሷል። አንዲት ተማሪ በሹራቧ እጅጌ ክብ አድርጋ ትጠርገውና በክቡ ውስጥ ታያለች። ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው የሚበራው። አውቶቡሱ ሲነሣ ብርሃኑ ከሷ ላይ ተንሸራቶ ከኋላዋ ወደቆሙት ሰዎች ይሄዳል፣ አንድ በአንድ። ታዲያ ቀይ አውቶቡስ ካማራችሁ አንበሳ አለላችሁ።

ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ሄዷል። ሲወጣ የሦስት ወር ኪራይ ነበረበት። ገንዘብ ሳገኝ እልካለሁ ብሎ የ3 ሰዓቱን ሥዕል ትቶልኝ ሄደ። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር «የሦስት ወር ኪራይ በቲማቲም ተከፈለን» ትላለች። ጥፋቱ የኔም አለበት። ነጭ ቀለም ሲያልቅበት ከቤት ቀለሜ ቀድቼ ሰጠሁት። ነጠላዋ ላይ ያለው ነጭ አሁን ቢጫ እየሆነ ነው። ለሥዕል የሚሆን ቀለም አልነበረም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ልጁ ሥዕሉን እንደጨረሰ ለእትዬ ወስደን አሳየናት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችው። ፊቷን ታያለች ብለን ስንጠብቅ ጎንበስ ብላ ቲማቲሙን ትቆጥራለች።

«አንተ ልጅ፣ መደቡ አምስት ነው። አራት ነው የሣልከው።»

«እትዬ፣ አምስተኛዋ ከኋላ ስለሆነች አትታይም።»

«የማትታይ ቲማቲም ማን ይገዛል? ደንበኛዬ ቢያየው አጭበርባሪ ይለኛል።»

ልጁ ለማስረዳት ሞከረ። ከተቀመጠበት ድንጋይ እንደማትታይ፣ እሱ የሚሥለው የታየውን ብቻ እንደሆነ ነገራት። አልሰማችውም። ተነሥታ ሄዳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። አንገቷን ግራና ቀኝ አድርጋ ወደ መደቧ አየች። «ይኸው ጫፏ ይታያል» አለች። ልጁ ሄዶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ብሩሹን አውጥቶ ከአራቱ ኋላ አንዲት ቀይ ነጥብ ነካ አደረገ።

ጸሐፊውን አንድ ጠዋት ቢመጡ ቡና እጋብዛቸዋለሁ። ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ይድረሱ። ሥዕሉ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ጉሊቱም ከአስፋልቱ ማዶ ነው። መጀመሪያ ከድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ቲማቲሞቹን ይቁጠሩልኝ።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ ማስታወቂያ ሠዓሊ፣ ከካራ ማዶ